በስንዝር የረዘመው ቦርሳ

ሰፈሩ እህቴን «ድርብ ስፌት» ይላታል። ሌላው ሰፊ አንዴ የሚሰፋውን እሷ ሁለቴ ነው የምትሰፋው። ክር የሚሸጥላት ሰውዬ «አንቺ ባትኖሪ ሱቄን ዘግቼ እገባ ነበር» እያለ ይቀልድባታል። ስፌቱ ግን ከፍርሃቷ ሁሉ ትንሹ ነው። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትገፋዋለች። የጋዙን ቁልፍ ትዘጋና ደጋግማ ትነካዋለች። ልጇ ካስነጠሰች ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ባለታክሲ ነኝ፤ ታክሲዬ ውስጥ ስትገባ ቀበቶዋን ከማሰሯ በፊት ፍሬኑን እንድሞክርላት ታዘኛለች።

ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወፍራም ካፖርቱን «ይከብደኛል፣ ደግሞ ፀሐይ ነው» ብሎ ወንበር ላይ ጥሎት ወጣ። መኪናው ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ አናት ላይ ተበላሸበት። እርዳታ ፍለጋ በሸሚዝ ብቻ በእግሩ ሲወርድ በረዶ ያዘው፤ በማግስቱ መንገድ ሠራተኞች ሞቶ አገኙት። ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም።

እህቴ የምትሰፋው የጭነት መኪና ሸራና የተማሪ ቦርሳ ነበር። በከተማችን በኩል የሚያልፍ የረጅም መንገድ የብስክሌት ውድድር ሲጀመር ነው ሌላ ሥራ የመጣላት። ውድድሩ እንዲህ ነው፤ ተወዳዳሪው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ቀንና ሌሊት ብቻውን ይጋልባል። ሲርበው ከሱቅ ይገዛል፣ ሲደክመው ያገኘበት ይተኛል። ዘመድ ወይም ወዳጅ ውኃ ካቀበለው፣ ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ እንዲያውም እጁን ይዞ ካነሣው ከውድድሩ ይሰረዛል።

መጀመሪያ የመጡት ተወዳዳሪዎች ቤት የሚቀይሩ ነበር የሚመስሉት። በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ በብረት መጫኛ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ፣ ከላዩ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ላይ ድስት። ከዚያ ፋሽኑ ተለወጠ። ብረቱ ቀረና ቦርሳው በብስክሌቱ ወገብ መሃል፣ ከኮርቻው ሥርና ከመሪው ፊት የሚታሰር ሆነ። ያንን ማን ይስፋ ሲባል እህቴ ተገኘች። ከዓመት ዓመት ጎማው እየወፈረ፣ ቦርሳው እየቀጠነ ሄደ። በአየር የሚነፋው የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ ቀረና በምትኩ ጎማው ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ተጨመረ። ከፊት ጎማ መብራት የሚያመነጨው ዕቃ ለጥቂት ጊዜ ጉድ ተባለለት፤ ወዲያው እሱም ከበደ ተባለና ባትሪ ተተካ። ድንኳን ቀረ፣ ፍራሽ ቀረ፣ በመጨረሻም የመኝታ ከረጢት ቀረ። አሸናፊዎቹ እንደ ብስኩት መጠቅለያ በምታብለጨልጭ ስስ ላስቲክ ተጠቅልለው ነው የሚተኙት ተባለ። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የጣለ ሰው አይቻለሁ። «ጥርስህንም አስነቅለህ ብትሄድ ይቀልህ ነበር» ብለው አልሳቀልኝም።

አንድ ዕቃ በቀረ ቁጥር እህቴ ቀና ብላ «ቢበርድህስ?» ትላለች። እነሱም ይስቃሉ፣ እሷም ወደ ስፌት መኪናዋ ታጎነብሳለች።

ዘንድሮ ግን ቦርሳ ልታሰፋ የመጣችው ልጇ ናት። በእነዚያ ብስክሌቶች መሃል ያደገች፣ በብስክሌት ጥቅል እያደረሰች የምትተዳደር ልጅ። ከኮርቻው ሥር የሚታሰረውን ሸራ ዘረጋችና በጠመኔ አሰመረችበት።

«እማ፣ እዚህ ጋ ቁረጪው።»

«የመኝታ ከረጢቱ የት ሊገባ ነው?»

«አልይዝም። ዘንድሮ ማንም አይይዝም።»

«ማንም የምትይው ሰውዬ እናት የለውም?»

ልጅቷ ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ ቆረጠች።

ቦርሳው ሲያልቅ ከተሰመረው በስንዝር ረዝሞ ተገኘ። ልኬት ስታ የማታውቅ ሴት! ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ ለካችው፣ እናቷን አየቻት።

«እማ፣ ረዘመ እኮ።»

«ተሳስቼ ነው።»

ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ በዓይኗ ዘጋችው። ልጅቷም «እሺ፣ ይሁን» ብላ ይዛው ሄደች። «ትርፉን አጥፋ ጠቅልላ ታስረዋለች፣ ባዶውን ነው የሚሄደው» ብዬ ለእህቴ ቁርጡን ነገርኳት።

ውድድሩ ሲጀመር እህቴ ሥራ ፈታች። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ዕቃ ስለሚይዝ፣ ልጅቷ ስልክ ላይ ቀይ ነጥብ ሆና ትታያለች። እህቴ በአንድ እጇ ሸራ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ከነጥቡ ጋር ትተነፍሳለች። ነጥቡ ሲፈጥን «ቁልቁለት ነው፣ ትወድቃለች»፤ ሲዘገይ «አመማት»። እኔም እየሳቅኩባት ነበር፣ ተራራው ላይ ነጥቡ እስኪቆም ድረስ።

ቀትር አልፎ ነበር። የእኛ መስኮት ላይ እንኳ ዝናቡ እየወረደ ነው። ነጥቡ የቆመበትን ቦታ ሁለታችንም አወቅነው፤ ስሙን ግን አልጠራነውም። እህቴ ወደ ልጇ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ለአዘጋጆቹ ደወለች።

«የአደጋ ቁልፉን አልተጫነችም እኮ እናቴ» አላት ስልኩን ያነሣው ልጅ በትሕትና። «ነጥብ ስለቆመ ብቻ ሰው አንልክም። ተኝታ ይሆናል።»

«አባቷም ተኝቷል ነበር ያሉኝ መጀመሪያ» አለችና ዘጋችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ታክሲህን አስነሣ።»

«እትዬ፣ ከደረስንባት እኮ ትሰረዛለች። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋችው...»

«አስነሣ አልኩህ!»

ያን መንገድ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጉም ወርዶ አስፋልቱን ውጦታል። የመስታወቱ መጥረጊያ ይንጫጫል፣ በረዶው ጣሪያችንን ይቀጠቅጠዋል። እህቴ ቀበቶዋንም አላሰረች፣ ፍሬኑንም ሞክር አላለችኝ፤ ያ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ። በየጥምዝምዙ የወደቀ ብስክሌት አየሁ እያልኩ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ድንጋይ ነው። አንዴ የላስቲክ ቁራጭ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲያብለጨልጭ አይቼ ፍሬን ያዝኩ። የብስኩት መጠቅለያ ነበር፣ የእውነቱን። ለእህቴ አልነገርኳትም።

አናቱ ላይ የመንገድ ሠራተኞች ዕቃ የሚያስቀምጡባት በር የሌላት የቆርቆሮ ቤት አለች። ብስክሌቷ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከኮርቻው ሥር ያለው ቦርሳ አፉ ተከፍቶ፣ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ታክሲውን ከመንገዱ ማዶ አቆምኩ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። አትንቀሳቀስም።

«ጡሩምባ ልንፋ?» አልኩ።

«መቀስቀስ መርዳት ነው» አለችኝ እህቴ። እጇ ግን የበሩን እጀታ ጨብጧል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ!

ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ልጅቷ የለበሰችውን አየን። የሚያብለጨልጭ ላስቲክ አይደለም። ትልቅ፣ ቡናማ፣ የወንድ ካፖርት ነው። ጉልበቷን እስከ አገጯ ሰብስባ ሁለመናዋን ውስጡ ከታዋለች። ማንም ተወዳዳሪ ቢያየው የሚስቅበት፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ካፖርት። ኪሱ ላይ ያለው ድርብ ስፌት የእህቴ ነው።

ልጅቷ ተንቀሳቀሰች። ዓይኗን ሳትገልጥ ኮሌታውን ጎትታ ጆሮዋን ሸፈነች። አባቷ መኪናው ውስጥ ሲያሸልብ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

እህቴ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ከዚያ እጀታውን በግድ ለቀቀችው።

«ንዳ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ? በቅርብ እንኳ ሳታያት?»

«ሳልወርድ ንዳ!»

ቀስ ብዬ ቁልቁል ተንሸራተትኩ። እህቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ነጥቡ ላይ አፍጥጣለች። ከተማው ጫፍ ልንደርስ ስንል ነጥቡ ተነሣና መጓዝ ጀመረ። «ቁልቁለት ነው፣ ትወድቃለች» አለች፣ እንደ ልማዷ።

ቤት እንደገባን ቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዳ ከፈተችው። መስቀያው ባዶ ነበር። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ትገፋዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልገፋችውም።