የደባርቅ ጦስኝ በአራዳ ጓሮ

አምባቸው ጎንደር አራዳ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጠመንጃ ታቅፎ የሚውል ዘበኛ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ሌባም ጠላትም ስላልመጣበት ልቡን ለጓሮ አትክልት ሰጠ። ስለ አተካከል የምታስተምር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አግኝቶ እንደ ዳዊት ይደግማታል። የዘመናችን ሊቅ እንዲህ ነው፤ ካሮት ሳይቀምስ ካሮት ይሰብካል።

ሚስቱ እንኳየሁ የደባርቅ ልጅ ናት። ለበሶብላውም ለጤና አዳሙም ግድ የላትም። የምትናፍቀው የአገሯን ጦስኝ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ድንጋይ ተደግፎ የሚበቅለውን፣ በግ ሲረግጠው እንኳ አገሩን የሚያውደውን። የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ሥራዋን ትታ ትቆማለች። አምባቸው በየዓመቱ እወስድሻለሁ ይላል፤ በአፉ ስንት ጊዜ ወስዷት ተመልሷል።

ዘንድሮ ወንድሟ ሰጠኝ ለመስቀል ሲወርድ ጦስኝ ከነሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላት። ከጎመኑ አጠገብ ተከለችው።

«አያ አምባቸው፣ ይኸ ከጸደቀ ደባርቅን ሁለተኛ አላነሳብህም» አለችው። «ካልጸደቀ ግን ሰጠኝ ለኅዳር ሚካኤል ነጭ ሽንኩርቱን ሊሸጥ ሲመጣ አብሬው እሳፈራለሁ።»

አምባቸው ደንግጦ መጽሐፊቱን ገለጠ። ስለ ጦስኝ አንድም ቃል የለባትም፤ እሱም በጎመን ምዕራፍ አስተዳደረው። ጎህ ሲቀድ ፍግ ይደፋበታል፣ ውሃ በእንስራ እያመላለሰ ያጠጣዋል። ወንድ ልጅ እንስራ አዘለ ብሎ ሰፈሩ ሳቀ፤ አልሰማም።

እንኳየሁ በመስኮት ታየዋለች። ጦስኝ ድንጋይና ጭንጫ እንጂ ፍግ እንደማይወድ ገና ስትድህ ነው ያወቀችው። አንድ ማለዳ ልትነግረው ወጣች። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን አሸተተች፤ የአገሯ ተራራ ሁሉ ደረቷ ውስጥ ገባ። ምንም ሳትለው ተመለሰች።

ጦስኙ ቢጫ ሆነ፣ ጠቆረ፣ በሰበሰ።

ሰጠኝ በቀኑ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ሸጦ ጨረሰ። አምባቸው የሞተውን ሥር ይዞ ደባርቅ እሚመለሰው የጭነት ማኪና ድረስ ተከተላቸው።

«ምነው፣ ምን አጎደልሁበት?»

«አበዛህበት እንጂ አላጎደልህበትም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሰጠኝ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እንኳየሁ ከባዶው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። «ጠልቼህ አይደለም፤ ናፍቆኝ ነው። ውጣ አንተም።»

አምባቸው አንድ እግሩን ጎማው ላይ አደረገ። ቆም አለና፣ «ጎመኑን ማን ያጠጣዋል?» አለ።

ማኪናው ጥሎት ተነሳ።