የግራው ክንፍ ስፌት

ትናንት መጋላ ሰፈር ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሸራው በነፋስ ሲርገበገብ፣ ሳላስበው አውራ ጣቴ ስፌቱን ይዳብስ ጀመር።

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ በሳጥን ተፈታቶ የመጣ ትንሽ አውሮፕላን ግቢያችን ውስጥ ገጣጠመ። የክንፎቹን ጨርቅ የሰፋነው እኔና የባጃጅ ሸራ ሰፊዋ አክስቴ ነን። የግራውን ለእኔ ተወችልኝ። ከላዩ የተቀባው ቫርኒሽ፣ ወላሂ፣ ሽታው ዓይን ያቃጥል ነበር።

ሊበር አንድ ቀን ሲቀረው ወንድሜ አውሮፕላኑን ከግቢው ምሰሶ ጋር በገመድ አስሮ ሞተሩን አስነሳ። አቧራው ቦነነ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ድንገት በእኔ ክንፍ በኩል ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

"አጥፋው!" ብላ ጮኸች አክስቴ፣ መዳፏን ክንፉ ላይ ጭና።

"አቦ አዴ፣ ገመዱ ነው! አትፍሪ!" አላት ወንድሜ።

"እኔ ምን አስፈራኝ? አየር ላይ የምትንጠለጠለው አንተ!"

ሞተሩ ጠፋ። አክስቴ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ እየጫነች ሄደች። እኔ ከኋላዋ እግር በእግር ተከተልኳት።

"ምንም አላገኘሁም" አለች።

"ደህና ነው ማለት ነው?" አልኳት።

"አላገኘሁም ነው ያልኩሽ። ስፌት የሚናገረው ሲጎተት ነው። ነገ ነፋሱ ይጎትተዋል።"

በማግስቱ ወንድሜ ከከተማው ውጭ ካለው ሜዳ ተነስቶ፣ አንዴ ዞሮ በሰላም አረፈ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲሮጥ እኔ ወደ ክንፉ ሮጥኩ፤ ስፌቱ እንዳለ ነበር። ያ ድምፅ ከምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

"እህቴ፣ ደርሰናል" አለኝ ባለባጃጁ። ጣቴ ስፌቱን ገና አልጨረሰም ነበር።