ለማንም የማይካፈለው ሸሚዝ

መምህር አሶግባ ሞተር ሳይክል የሚሳፈሩት የሹፌሩን ጀርባ አንብበው ነው። በኮቶኑ ከተማ ሰው የምናመላልስ ባለሞተሮች በቢጫ ሸሚዛችን ጀርባ ላይ ቁጥር አለን፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ቢወጡም ቁጥር መመርመር አልተዉም። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል፣ «ብቸኛ ቁጥር» የሚሉት ካልሆነ፣ ዝናብ እየወረደባቸውም አይሳፈሩም።

የእኔ 30031 ነው። በተገናኘንበት ቀን ከኋላዬ ቆመው አጉተመተሙ፤ ለሁለት ቢካፈል አንድ ይተርፋል፣ ለሦስት አንድ፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስትም አንድ። «ብቸኛ ነው» ብለው ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለኝ! ጓደኛዬን ቶሱን «ያንተ 30029 ስንት ጌታ እንዳለው ማን ያውቃል» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የመምህሩ ልጅ ፊፋሜ ልታገባ ነበር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማዘጋጃ ቤት ከንቲባው ፊት ይዘዋት የሚቀርቡት እሳቸው፣ እሳቸውን የማደርሳቸው እኔ። ድልድዩን እንደተሻገርን ትከሻዬን ቆነጠጡኝ።

«ቁም! አውርደኝ!»

«ምን ሆኑ መምህር?»

«ቁጥርህ ለሃምሳ ዘጠኝ ይካፈላል። አምስት መቶ ዘጠኝ ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም።»

መንገድ ዳር ቤንዚን በጠርሙስ የምትሸጥ የአንዲት ሴትዮ አግዳሚ ላይ ሄደው ቁጭ አሉ። ደሜ ፈላ። ስልኬ ጮኸ፤ ፊፋሜ ናት።

«ጋሽ ሴጅሮ፣ አባዬ የት ደረሰ? ከንቲባው ሰዓቱን እያየ ነው!»

«መጣን፣ መጣን!» ብዬ ዋሸሁ።

ቤንዚን ሻጯም «ኧረ አባቴ፣ የሚሄደው ሞተሩ እንጂ ሸሚዙ መሰለዎት?» አለቻቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ቶሱ ሲያልፍ አየሁትና አስቆምኩት።

«ሸሚዝህን አውልቅ!»

«አብደሃል እንዴ?»

«ሙሽራዋ ቆማ ልትቀር ነው፣ አውልቅ አልኩህ!»

መንገድ ዳር ደረታችንን ገልጠን ተለዋወጥን፤ ወደ ዳንቶክፓ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሳቁብን። 30029ን ለብሼ ለመምህሩ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ማካፈል እንኳ አልጀመሩም። «እሱ በእርግጥ ብቸኛ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

ያኔ ነቃሁ።

«መምህር፣ ያንን ሃምሳ ዘጠኝ መቼ ነው ያወቁት?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ተሳፈሩ?»

«ቀስ ብለህ ስለምትነዳ።» መሬት መሬት አዩ። «ዛሬ ግን ቀስ ማለትህም ፈጠነብኝ፣ ልጄ።»

ደግፌ አሳፈርኳቸው። እስክንደርስ ድረስ ሸሚዜን ከኋላ በሁለት እጃቸው ጨምድደው እንደያዙ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆምን፤ እሳቸው ግን አልወረዱም። ፊፋሜ የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ ደረጃውን ወረደችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከሸሚዜ ላይ አላቀቀች።