የገሠሠ ጣሳ

መካኒሳ፣ ከታክሲ መያዣው ወረድ ብሎ የውዳሴ ጠላ ቤት አለ። እኔ ፊት ለፊቷ ልብስ እሰፋለሁ፤ ስለዚህ የማያገባኝን ሁሉ አያለሁ። ውዳሴ ምላሷ ስለታም ነው። ሰክሮ የሚጮህ ካለ ጣሳውን ከእጁ ነጥቃ "ሚስትህ ጋ ሄደህ ጩኽ" ብላ ትሸኘዋለች። ምስጢር ግን እሷ ጋ ከገባ አይወጣም፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል የሚባለው ለእሷ ነው።

ደጇ ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። ደጅና መንገድ ላይ መጠጣት ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ጠጪው ሁሉ እያጉረመረመ ወደ ውስጥ ገባ። ገሠሠ ብቻ እምቢ አለ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በመጠጥ ማንም አይረታውም ይባልለታል። "እኔ ጣራ ሥር ጠላ አይወርድልኝም" ይላል።

ደንብ አስከባሪው ሉቃስ የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ወንጌላዊ ናቸው፤ ቤታቸው መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ውዳሴን ደጋግሞ ለመናት፤ በመጨረሻ ከእንግዲህ ደጅ የሚጠጣ ካገኘ ቤቱ እንደሚታሸግ ነገራት። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጋን ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሉቃስ ሲመጣ ገሠሠ ጣሳውን ይዞ ደጅ ተቀምጧል። ጠጪዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

"ኧረ እትዬ ውዳሴ፣ ምን ላድርግዎት? ነግሬዎት ነበር እኮ።"

ውዳሴ ገሠሠን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"ጠላ ቤት ደጅ ጣሳ የያዘ ሰው ምን ይጠጣል ይባላል፣ ልጄ? የታዘዝከውን አድርግ" አለች።

ደሜ ፈላ። ለአንድ ግትር ሽማግሌ ብላ እንጀራዋን ልትዘጋ! መቀሴን እንደያዝኩ ልሻገር ስል ገሠሠ ብድግ አለ።

"ቀሪቦ ነው" አለ። "ሐኪም ጉበትህ ተጎድቷል ካለኝ ወዲህ ጠላ አልቀመስኩም። ቀሪቦውን ለእኔ ብላ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ውስጥ ብገባ እነዚህ እንደ ልማዳቸው ጣሳዬን ተቀብለው መቅመሳቸው አይቀርም። አፍሬ ነው ደጅ የቀረሁት።"

ከጠጪዎቹ አንዱ፣ ጓደኛው ከበበው፣ ከሳቁ ብዛት በሩን ተደገፈ።

ሉቃስ ጣሳውን ተቀበለ። ቀሪቦም እንደ ጠላ የገብስ ነው፤ አያሰክርም እንጂ ይጠቁራል፣ አረፋ አለው። አሸተተው፤ ከቤቱ የሚወጣው የጠላ ሽታ ግን ሁሉን ሸፍኖታል። ያለው መንገድ መቅመስ ብቻ ነው። ጠላ ከሆነ ደግሞ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሊሆን ነው፤ ያውም የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ያውም ሰፈር እያየው።

"እትዬ ውዳሴ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ልጄ።"

ሌላ አልጠየቃትም። ጠጣ።

"ቀሪቦ ነው። ጎረቤቶቻችን እነቀመሪያ ሰርግ ላይ የጠጣሁት" አለና ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰ። "ጋሼ፣ ግን እባክዎ ወደ ውስጥ ይግቡ። ሌላ ሰው ቢመጣ አያምንዎትም።"

ሉቃስ ሲሄድ ያቺ ስለታሟ ውዳሴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አግዳሚ ወንበሯ ከነገሠሠ ወደ ውስጥ ገባች። ጠጪዎቹ "የቀሪቦ ሹፌር" እያሉ ከረሙበት፤ ዋናው ሳቂ ከበበው ነበር። ባለፈው ለውዳሴ የሰፋሁላትን ሽርጥ ላደርስ ስገባ፣ ከበበው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

"ለእኔም ከገሠሠ ቀሪቦ ቅጂልኝ። ማንም እንዳይሰማ።"

ገሠሠም ሰምቷል። አልሳቀበትም። ወንበሩ ላይ ጠጋ አለለት።