የጠጣ ሁሉ ይፈልግ

ዛሬ ጠዋት አፍንጮ በር፣ ደጄ ላይ ያለውን ቦይ በእንጨት ስቆፍር፣ ከጭቃው ጋር የወጣ አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ክዳኑ ተፈናጠረና ያ የብርቱካን ሽታ ሽው አለብኝ። ቦዩን የምቆፍረው ጽዳት ወድጄ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አምና ክረምት ፕላስቲኩና ፌስታሉ ደፍኖት ጎርፉ በራፌን ጥሶ ገባና ትንሿን ልጄን እስከ ወገቧ ዋጣት፤ ዘንድሮም ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል።

ሽታው ግን ይዞኝ ሄደ፣ በደርግ ጊዜ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ወደነበረው ግቢያችን፤ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ያኔ ለስላሳ የዓመት በዓልና የክርስትና ነገር ነበር፤ እሱም በጠርሙስ ብቻ። ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው ብር ቢቆልልም ከጋሽ ወልዴ ሱቅ አንድ ጉንጭ አያገኝም። የግቢያችን ባለጠርሙስ እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፤ አራት ጠርሙሳቸውን ከስፌት መኪናቸው ሥር ደርድረው እንደ ጥጃ ይጠብቋቸዋል።

ለወንድሜ ክርስትና እናቴ አራቱንም ተዋሰች። ለስላሳው በብርጭቆ ጠብ ጠብ እየተደረገ ለግቢው ሰው ሁሉ ተዳረሰ። ባዶዎቹን እንድመልስ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሦስቱን በቀሚሴ አቅፌ የአራተኛውን አፍ እየላስሁ ስሄድ ደረጃው ላይ አዳለጠኝና አንዱ ብትንትን አለ።

«አንቺ የኔ ጉድ! አራት እግር የነበረውን ወንበር ሦስት አደረግሽው!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሀራ። እናቴ ለኩርኩም ስትደርስ ግን ራሳቸው በክንዳቸው ከለሉኝ።

«ተይ እንጂ! እሷ ብቻዋን ናት እንዴ የጠጣችው? የጠጣ ሁሉ ይፈልግ!»

የጠጣ ሁሉ ፈለገ። አባቴ የመሥሪያ ቤቱን ክበብ ትርፍ ጠርሙስ ለመነ፤ ጥግ ቤት ያለው ተማሪ የስድስት ኪሎን ሻይ ቤቶች አዳረሰ፤ ጋሽ ወልዴ እንኳ «የሸጥኩትስ እኔ አይደለሁ?» ብለው ፍለጋው ውስጥ ገቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግቢው ስለ አንድ ጠርሙስ ሲነታረክ ከረመ፤ ያልሰደበኝ የለም። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ከጓዳቸው አፉ የተሸረፈ አንድ አገኙ፤ እትዬ ዘሀራም እያጉረመረሙ ተቀበሉት።

ዘመኑን ላወድስ አይደለም፤ ዘይቱ በኩፖን፣ ፍርሃቱ ያለ ኩፖን ነበር። ግን ጠርሙስ ባለቤት ነበረው።

ቅድም ከላይ ያለውን ፎቅ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ፤ ከመስኮታቸው ነው የፕላስቲኩ ግማሽ የሚወረወረው። «ማዘር፣ ለቆሻሻ ከውሃ ሂሳብ ጋር በየወሩ እንከፍል የለ እንዴ?» ብላ የከፈተችልኝ ልጅ በሩን መለሰችው። የሰፈራችንን ባለሱቅ «ባዶውን እንኳ ተቀበል፣ ለሚወስደውም ሰው ሁላችን ትንሽ ትንሽ እናዋጣ» ብዬ ብለምነው፣ «እኔ ሻጭ ነኝ፣ ቆራሌ ነኝ?» አለኝ። ፋብሪካውማ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅ። ሁሉም ጠጥቷል፣ ሁሉም ሸጧል፣ ፈላጊዋ እኔ ብቻ።

በዚያ ግቢ አንድ ነገር ስሰብር ስድስት ቤት ይቆጣኝ ነበር። ያ ቁጣ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ጎርፉን ፈርቼ ትንሿን ልጄን ክረምቱን እህቴ ዘንድ ልሰዳት ነው። ልብሷን ስሸክፍላት፣ «ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች።