ፀሐይ ያላየው ውሃ

ትናንት አመሻሽ ላይ እዚሁ ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ አዲስ የተከፈተ ካፌ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ግድግዳው ሥር ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቁመው ከላዩ ሐምራዊ መብራት አብርተውበታል። «አልትራቫዮሌት ነው» አለኝ አስተናጋጁ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ... ጥርት ብሎ... ወጣቶቹ ተራ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ።

«እስቲ መብራቱን አንዴ አጥፋልኝ» አልኩት።

«እማማ፣ መብራቱ ከሌለ እኮ አያምርም!»

ይቺን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ከእናቴ አፍ።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ መስታወት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ነበር። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ከአገር ስትወጣ፣ ግቢዋን ይጠብቅላት ለነበረው ለታላቅ ወንድሜ ለጴጥሮስ ከነዓሣው ከነመብራቱ ትታለት ሄደች። ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው ሊመሽ ሲል ነው፣ በጄኔሬተር። ሲመጣ ያቺ ሐምራዊ መብራት ትበራለች፣ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፣ የለበስነው ነጭ ነገር ሁሉ ያበራል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የገዛ ሸሚዛቸው ሲያበራ አይተው ደንግጠው በሩ ጠፍቷቸው ነበር።

ከዚያ ጴጥሮስን ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ አፈሱት። እናታችን፣ እኛ «አማ» ነው የምንላት፣ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ ሮጣ የጫኑበት መኪና ጋ ደረሰች። ልጇ ከላይ ሆኖ የጮኸላት «ጸልዪልኝ» ብሎ አይደለም።

«አማ! ውሃውን ፀሐይ እንዳታሳዪው! አረንጓዴ ይሆናል!»

አማ ይህን ቃል የሙጥኝ አለች። ወፍራም ጨርቅ ሰፍታ መስታወቱን አለበሰችው። ቀን ማንም አይገልጠውም። የሚከፈተው ሲመሽ፣ መብራቱ ሲመጣ ብቻ ነው። ውሃ ሲጎድልም የምትጨምረው ያን ጊዜ ነው።

«ዓሦቹ ደህና ከሆኑ ልጄም ደህና ነው» ትል ነበር።

ዓሦቹን ካየናቸው ግን ሰንብተናል። «ድንጋዩ ሥር ተኝተው ነው» ትለናለች። ይሸታል ስንላት «ዓሣ ነው እኮ፣ ምን እንዲሸት ፈለጋችሁ?» ትላለች። በየምሽቱ ያን የመሰለ ሰማያዊ ውሃ እያየ ማን ይከራከራል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በክራንች የሚሄድ ወጣት በራችንን አንኳኳ። ማርቆስ ይባላል፣ የዶዮገና ልጅ ነው፣ ከጴጥሮስ ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበር። እሱ ከምባትኛ፣ አማ ሃዲይኛ... በተሰባበረ አማርኛ ሰላም ተባባሉ። እኛ ዘንድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሳይበላ ምንም አይጠየቅም። ስለዚህ አማ አንዲት ቃል ሳትጠይቀው ምግብ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጁ ቀና ብሎ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ዓይኑን ቤቱ ውስጥ ሲያንከራትት ጨርቁ ላይ አረፈ።

«የጴጥሮስ ዓሦች እዚህ ናቸው? ምሽግ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ እነሱ ነበር።»

«ነበር» ያለው ስለ ሞተ ሰው እንደሚወራ ነው። ተው እስክለው እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ገለጠው።

የመስኮቱ ብርሃን ውስጡ ገባ። ውሃው ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። ላዩ ላይ ድፍን ያለ አረንጓዴ ሻጋታ ተንሳፍፏል። ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ትናንት ማታ እኮ ሰማያዊ ነበር... ጥርት ያለ ሰማያዊ!

ዞር ስል አማ ቆጮና አይብ የያዘ ሳህን ይዛ ከኋላችን ቆማለች።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ እንባው ቀድሞት «እትዬ... ጴጥሮስ...» ማለት ጀመረ።

«ብላ» አለችው። ሳህኑን አስቀመጠች። ጨርቁን ቀስ አድርጋ መለሰችው። «መብራት ከሌለ አያምርም። እስኪመጣ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልን። እሱ ቆጮውን ያገላብጣል፣ እሷ እጇን አጣምራ ታየዋለች። ፀሐይ እንደዚያን ቀን ስትዘገይ አይቼ አላውቅም።

መብራቱ መጣ። አማ ተነስታ አበራችና ጨርቁን ገፈፈችው። ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ።

«አየኸው?» አለችው።

«አየሁት እትዬ።»

«ቅድምም አይተሃል።»

«አዎ።»

«እኔም አይቻለሁ። አሁን የልጄን ነገር በዚህ መብራት ንገረኝ።»

ልጁ ገባው። ፊቱን ወደ ውሃው አዞረና መናገር ጀመረ። ጴጥሮስ ወፍሯል አለ። ጢም አሳድጓል አለ። አለቆቹ ስለሚወዱት ፈቃድ አልሰጡትም እንጂ ይመጣ ነበር አለ። ድምፁ ሲቆራረጥበት አማ «እሺ... ከዚያስ?» ትለዋለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነበር።

አማ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሰው ሊያስተዛዝናት ሲመጣ «ማን ሞተ?» ትላለች። ደርግ ወድቆ የሌሎች እናቶች ልጆች ከጦር ሜዳ በእግራቸው እየተጎተቱ ሲመለሱም በየምሽቱ ያንን ጨርቅ ትገልጥ ነበር። እስክትሞት። ጴጥሮስ ሬሳውም አልመጣልንም።

ትናንት ካፌው ውስጥ ይህ ሁሉ በዓይኔ ሲመላለስ አስተናጋጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እጁን አሳርፎ ይጠብቀኛል።

«ላጥፋው እንዴ እማማ?»

«ተወው ልጄ፣ ይብራ» አልኩት።

ይኸው... እኔም አማን ሆኜ አረፍኩት።