ወደ ቦሌ በሐዋሳ በኩል

አዳማ የሚኖር ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው ከቦሌ ነው። ይህን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያስፈልግም። የፍጥነት መንገዱን ከያዙ ቢሾፍቱም ዱከምም በመስኮት ብልጭ ብለው ያልፋሉ፤ ቁርሱን ቤቱ በልቶ የወጣ ሰው ለሻይ ሰዓት አዲስ አበባ ነው። እኔ ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ባሌን አስከትዬ ወደ ደቡብ ሐዋሳ ድረስ ተጉዤ፣ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በርሬ፣ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ዛንዚባር የሄድኩ ሴት ነኝ። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ጂኦግራፊ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቼ ፊት በምን ዓይኔ እቆም ነበር።

ችግሬ ሸኚ ነበር። እኛ ሰፈር ሰው አውሮፕላን ከተሳፈረ ብቻውን አይሄድም። የጎረቤታችን ልጅ ቤሩት ስትሄድ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ተከትሏት ወጣ። እኔም ነበርኩበት። ተሳፋሪ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ ስለማይገባ ሁሉም ነገር የሚያልቀው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ጸሎቱም፣ ልቅሶውም፣ ፎቶውም፣ "እንዳትረሺን" ማለቱም። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን እንዲህ የሚሸኘው ለሥራ የሚሄድ፣ ለሕክምና የሚሄድ፣ ልጁን ሊድር የሚሄድ ሰው ነው። ባሕር ዳር ተጋድሞ ሊመለስ የሚሄድ ሰው እንዴት ተብሎ ይሸኛል? ምን ተብሎ ይጸለይለታል?

ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ኩላሊቷን ታማ በየእሁዱ መዋጮ እንሰበስብላት ነበር። ማይክ ይዤ ቆሜ፣ "ከተረፈን ላይ ብቻ ሳይሆን ከጎደለንም ላይ እናካፍል" ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው እሺ ብሎ ሰጠ። በሳምንቱ ዛንዚባር ልሄድ ነው ብዬ ልናገር? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ባሌ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ የሚያፍረው ዕቃው ሲበላሽ ብቻ ነው።

"ሰርቀን ነው እንዴ? ከተጋባን ጀምሮ ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። ዕቁብ ወጣልሽ፣ ልጆቹን እህትሽ ያዘችልን፤ ከዚህ በኋላ ማንን ነው የምንፈራው?" አለኝ።

"ሰውን" አልኩት።

"የትኛውን ሰው?"

"ሁሉንም።"

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እንደ መጣልኝም በራሴ ኮርቼ ነበር። የአዳማ ሰው ሲደክመው ሐዋሳ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይጸልይበትም። የሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ትንሽ ነው፤ የሚያውቀን ሰው አይገኝበትም። ስለዚህ ለጸሎት ጓደኞቼ "ሐዋሳ ልናርፍ ነው" አልኳቸው። ውሸት የለበትም፤ አንድ ሰዓትም ቢሆን እዚያ እናርፋለን። "ዓሣውን ብሉልን" ብለው ሳቁ። መመለሻውን ግን እስከ ቦሌ ብቻ ቆረጥነው፤ የሚመለስ ሰው ሸኚ የለውም፣ ከቦሌ በፍጥነት መንገዱ ቀጥታ ቤታችን። ባሌ ሲሰማኝ ቆይቶ፣ "ወደ ሰሜን ለመሄድ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ያየሁት አንቺን ነው" አለና መኪና ኮንትራት ሊይዝ ወጣ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው። ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ዘመድ የለንም። ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ላይ ግን ቡልቡላ አለች፤ ቡልቡላ ውስጥ ደግሞ የባሌ አክስት አሉ። የአባቱ እህት ናቸው፤ እናቱ ሕፃን ሆኖ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱ በኦሮምኛ አዳዳ ይላቸዋል፤ እኔም አዳዳ እላቸዋለሁ።

"ቡልቡላን ዝም ብዬ ካለፍኩማ ሰው አይደለሁም። ነግሬያታለሁ፣ አውሮፕላን ተሳፍረን ባሕር ማዶ እንሄዳለን ብዬ" አለኝ ባቱ ላይ ለጋሪ ፈረሶች መንገድ ስንለቅ።

"ባሕር ማዶ አልካቸው?"

"ታዲያ ዛንዚባር ባሕር ማዶ አይደለም?"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቡልቡላ ስንደርስ አዳዳ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። ከኋላቸው ጎረቤቶቻቸው ተሰልፈዋል፤ አንዷ ጭኮ በባልዲ ይዛለች፣ ገብስ በቅቤ ተለውሶ፤ ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ ነው፣ ወር ቢቆይ አይበላሽም። ከአዳማ የሸሸሁት ሽኝት ቡልቡላ ቀድሞኝ ጠበቀኝ። ባሌን አንገቱን አቅፈው ሳይለቁት ብዙ ቆዩ። ያኔ ገባኝ፤ ሴትየዋ አገር ጥለን የምንሄድ መስሏቸዋል።

"አዳዳ፣ እንመለሳለን እኮ፤ ለዕረፍት ነው" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ" አሉኝና የመኪናውን በር ከፍተው ገብተው ተቀመጡ። "ካሳፈርኳችሁ በኋላ ሾፌሩ ሲመለስ ያወርደኛል።"

ምን ይባላል? አሳደጉት እኮ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ባልዲውም እግሬ መሐል ተቀመጠ። ሰዓቱን አይ ነበር፣ ተናድጄም ነበር። መናደዴም አሳፈረኝ፤ ግን ማፈሬ ንዴቴን አልቀነሰልኝም።

ሻሸመኔ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። አዳዳ በመስኮት ገበያውን ያያሉ። ልጃቸው፣ አንድያ ልጃቸው፣ "ሻሸመኔ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ ነው የወጣው፤ የሄደው ግን በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን እሳቸው ፊት አያነሳውም። ያን ዕለት ራሳቸው አነሱት።

"እሱን አልሸኘሁትም። በሩ ድረስ እንኳ አልወጣሁም፤ ድስት ጥጄ ነበር። ገበያ ለሚሄድ ሰው ማን ይነሳል?" አሉ ወደ ገበያው እያዩ።

ባሌ ከፊት ወንበር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጉልበታቸውን ያዘ።

አውሮፕላን ማረፊያው እንዳልኩት ነው፤ ትንሽ፣ ጸጥ ያለ፣ ሜዳ ላይ። ደህና የለበሱ ጥቂት ሰዎች ተሰልፈዋል። አዳዳ ከመኪናው ወርደው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ይመርቁን ጀመር፤ ድምፃቸው ገበያ ያሳደገው ድምፅ ነው። ሲጨርሱ በእኔም በባሌም መዳፍ ላይ እንትፍ አሉብን፤ በእነሱ ዘንድ ምርቃቱ የሚታተመው እንዲያ ነው። ባሌ አጎንብሶ ተቀበለ። እኔ የፀሐይ መነጽሬን አወጣሁና አደረግሁ፤ ፀሐይ ግን አልነበረም። አንዲት ባለ ላፕቶፕ ልጅ ፈገግ ብላ ስታየን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እጄን በምን ልጥረገው ብዬ ነበር የማስበው፤ ይኸው ነው።

ባሌ ሻንጣዎቹን ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ አዳዳ ክንዴን ያዙኝ።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እሱ እኔን ላለማስከፋት ይዋሻል። አንቺ አስተማሪ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ትመለሳላችሁ?"

"እንመለሳለን፣ አዳዳ። የሚመጣው እሁድ።"

"በዚህ በር?"

ምን አለበት "አይ፣ በቦሌ ነው" ብል? ግን በቦሌ ካልኩ፣ ታዲያ ለምን በዚህ ሄዳችሁ ሊሉኝ ነው። ለምን እንደሆነ ልነግራቸው ነው? ሰው እንዳያየን ብዬ? እርስዎም እንዳይሸኙን ጭምር ብዬ? በሩ ላይ ባሌ በእጁ እየጠራኝ ነው።

"አዎ፣ በዚሁ በር" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "እንግዲያው እመጣለሁ። እመለሳለሁ ያለኝ ሰው ሲመለስ አንድ ቀን በዓይኔ ልይ።"

"ኧረ አይድከሙ፣ አዳዳ" አልኩና ሳምኳቸው። ሰው እንዲህ ይላል፣ ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ሽኝት ላይ የማይባል የለም። ለባሌም አልነገርኩትም።

ዛንዚባር ባሕሩ እንደሚባለው ነው፤ ከሚባለውም ይበልጣል። የገዛሁትን የዋና ልብስ ከላይ ቲሸርት ደርቤበት ገባሁ፤ የሚያየኝ ፈረንጅ ብቻ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከውሃው ብቅ የሚሉ ይመስለኝ ነበር። ፎቶ አንስተን አንድም አልለጠፍንም። ጭኮውን ባሌ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ይበላ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሐፍረቱ ለቀቀኝ፤ ሳቅኩ፣ ተኛሁ፣ እንደገና ተኛሁ። አዳዳን አንድ ጊዜም አላስታወስኳቸውም። እውነቱ ይኸው ነው፤ ረሳኋቸው።

እሁድ ጠዋት ቦሌ ወረድን፤ በኮንትራት መኪና ለምሳ አዳማ ደረስን። ባሌ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። እኔ ሻንጣ እያራገፍኩ፣ አሸዋ የያዘውን ልብስ ለብቻ እያደረግሁ ሳለ የእሱ ስልክ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው።

"ጌታዬ፣ ከሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ጥበቃ ነኝ" አለ ሰውዬው። "አንዲት እናት ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ልጆቼ ዛሬ ይመለሳሉ ብለው ነው። አውሮፕላኑ ወርዶ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ሌላ አውሮፕላን የለም ብንላቸውም አይሄዱም። ቁጥርዎን ከስልካቸው አግኝተን ነው።"

ባሌ ተነስቶ ተቀመጠ። "እዚያ ምን ልትሠራ ሄደች?" አለኝ።

ልብሱ እጄ ላይ ቀረ። "በዚሁ በር ነው የምንመለሰው ብያቸው ነበር" አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ምናለ። ለቅጽበት እንደማያውቀኝ ሰው አየኝና ወደ ስልኩ ዞረ። "ስጣት፣ አቅርብልኝ" አለ ጥበቃውን።

"አዳዳ፣ ደርሰናል። ቤታችን ነን፣ አዳማ። በሌላ በኩል ነው የመጣነው።"

"እሺ ልጄ። ደህና ናችሁ? ጤና ናችሁ?" አሉ።

"ጤና ነን። አሁን መጥቼ እወስድሻለሁ፤ እዚያው ጠብቂኝ።" ስልኩን ለእኔ ጥሎልኝ፣ በእኔው ስልክ ሐዋሳ ለወሰደን ሾፌር ሊደውል ወደ ግቢ ወጣ።

"አዳዳ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። የዚያን ዕለት ነው የዋሸሁዎት፤ አሁን ግን እውነቴን ነው። ሳሎናችን ውስጥ ነን። በቦሌ በኩል ነው የገባነው።"

ከወዲያ የነፋስ ድምፅ ይሰማል፣ ጥበቃውም ለአንድ ሰው ወንበር አምጣ ይላል። ከዚያ በቀስታ፣ የደነገጠ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ሆነው ተናገሩኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ያም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ድንበሩን ተሻግሮ ስንት አገር አልፎ ሲደውልልኝ፣ እማ ሻሸመኔ ነኝ ነበር የሚለኝ። እንዳልደነግጥ ብሎ ነው። እናንተም ደግ ልጆች ናችሁ። አልቆጣም፣ አላለቅስም። ብቻ ያላችሁበትን አገር ስም ንገሪኝ፤ ስጸልይላችሁ እንድጠራው።"

"አዳማ ነን፣ አዳዳ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉኝ።